የቻይና ቅጠልና የነሲባ ማር

ሸፊቅ ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ነው። የሰው መኪና ማለቴ ነው። ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለው የፓርኪንግ ቦታ ጠዋት ቁልፍ ይቀበላል፣ ማታ ቁልፍ ይመልሳል፤ በመካከሉ ሻይ ይጠጣል። ስለ እሱ ልጽፍ ስነሳ ከየት እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር። ነገር ግን እሱን ከሻይ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ከሻዩ ብጀምር የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

እኔ ታችኛው መግቢያ ላይ ነው የምሠራው፤ እሱ ላይኛው ቡዝ ውስጥ። ቡዟ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ፣ የቁልፎች ሰሌዳና ባለ አበባ ፔርሙስ አለባት። ፔርሙሱ ስኮትዴል ካለው ቤቱ ድረስ ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ነው የሚመጣው። ለምን እንደሚያስረው ስጠይቀው፣ «ልጅ ሳታስር ብትነዳ ፖሊስ ይቀጣሃል። ይኼ ከልጅ ያንሳል?» አለኝ።

የደሴ ልጅ ነው። የደሴ ብርድ ያስለመደው ሻይ ደግሞ ስኳሩ ቀልጦ የማያልቅ ሻይ ነው። ጠጥቶ ሲጨርስ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን በማንኪያ ጠርጎ ይበላል። ከሻዩ ቀጥሎ የሚታወቀው በጾሙ ነው። ጾም ከጀመረበት ዕድሜ ወዲህ ረመዳን አምልጦት አያውቅም። ጂዳ ግንባታ ላይ ሲሠራ በዚያ ሙቀት ጾሟል። እዚህም ረመዳን በጋ ላይ በዋለባቸው ዓመታት፣ እኛ በየሰዓቱ ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣን ስናማርር፣ እሱ ከንፈሩ እንደደረቀ ከመኪና መኪና ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይነግራል። ትኮራለህ ስንለው፣ «ኧረ ወላሂ ኩራት አይደለም! እንድታውቁት ያህል ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ዓይኑ ይደበዝዝበት ጀመር። ውኃ ይጠጣል፣ አይረካም። አንድ ቀን የአንዲት ጠበቃ ቁልፍ ነው ብሎ የሌላ ሰው ቁልፍ ሰጣት። ሴትዮዋ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ቁልፉን ስትጫን፣ ማዶ ያለ ትልቅ ፒክአፕ ጮኸላት። በዚህ ምክንያት ሚስቱ ነዚፋ እየጎተተች ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሟ ደሙን አይታ ስኳሩ በጣም ከፍ ማለቱን ነገረችው፤ ክኒን አዘዘችለት፤ ጣቱን እየወጋ የሚለካበት ማሽንም ሰጠችው። እሱ ግን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የካቲት ላይ ረመዳን ስለሚገባ ይጾም እንደሆነ።

«በዚህ ቁጥር አይሆንም» አለችው። «ከጾሙ በፊት ተመልሰህ ትመረመራለህ። ከወረደ እንነጋገራለን። ካልወረደ አትጾምም።»

ከሐኪም ቤት ሲመለስ ሰው የሞተበት መስሎ ነበር። የሺፍት ኃላፊያችን ይገዙ ቡዟ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይገዙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሰው ሲያዝን ማየት ስለማይችል ወዲያው ይጨቃጨቃል።

«ስኳር አለብህ ስትለኝ ምንም አልመሰለኝም» አለ ሸፊቅ። «በዚህ አገር ስኳር የሌለበት ማን አለ? አትጾምም አለችኝ እኮ! እኔን!»

«እና አትጹማ! ሃይማኖትህ ለታመመ ሰው ይፈቅድ የለ? እኔ የማውቀውን አንተ አታውቅም?»

«ይፈቅዳል። ለታመመ ነው የሚፈቅደው።»

«አንተስ?»

«የታመመው ስኳሬ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ፓርኪንጉ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ አብሽ ዘፍዝፈህ ጠጣ ይለዋል፣ ሌላው ሽፈራው ቅጠል ይላል። በመጨረሻ ያሸነፈው ይገዙ ነው። የባለቤቱ የሥራ ባልደረባ የእስያ ሱቆች ከሞሉበት ከቡፎርድ ሀይዌይ የቻይና ሻይ ገዝታ ስኳሯ እንደወረደላት ሰምቶ ነበር።

«ቻይናዎች አገራችንን በአስፋልት አዳርሰዋል» አለ ይገዙ። «መንገድ ያላቃታቸውን ስኳር ያቅታቸዋል?»

ሸፊቅ ይህን ነገር አሰበበት። የደሴን መንገድ ሲሠሩ አይቷቸው ኖሯል፤ በሥራቸው አይታሙም።

በዕረፍት ቀናችን በኔ መኪና ሄድን። ሱቋ ከአንድ የጥፍር ቤትና ከአንድ የኑድል ቤት መካከል የተሸጎጠች ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ ስትገባ ዝናብ የመታው ሣር ይሸታል። ባለቤቷ አጭር፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ስማቸው ሊን መሆኑን ሲሰማ ሸፊቅ ወዲያው «እማማ ሊን» አላቸው፤ እማማ ምን ማለት እንደሆነ ባያውቁም ወደዱት። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ስለሆነ ልጃቸው ታስተረጉማለች።

«ምላስህን አውጣ ትላለች» አለችው ልጅቷ።

ሸፊቅ ወደኔ ዞረ። አንድ ትልቅ ሰው፣ የቤተሰብ አባወራ፣ በሰው ሱቅ ውስጥ ምላሱን ሊያወጣ ነው። አወጣው። እማማ ሊን መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ክኒን ይወስድ እንደሆነ ጠየቁት። እንደሚወስድ ሲነግራቸው ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«ክኒኑን እንዳትተው ትላለች። እኔ ሻይ ነው የምሸጠው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ሻይ እንደወሰድክም ለሐኪምህ ንገር ትላለች።»

ከዚያ ከየመሳቢያው ይዘግኑ ጀመር። ኪያር የሚመስል ሸካራ ፍሬ ተከትፎ የደረቀ፣ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ቅጠል፣ ቢጫ ጭራሮ የመሰለ ሥር። ሁሉንም በወረቀት ጠቀለሉለት። አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ እንዲሁ እንዲጠጣው አዘዙ።

«ስኳርስ?» አለ ሸፊቅ።

ልጅቷ መተርጎምም አላስፈለጋት፤ ራሷ አይሆንም አለችው።

«ለአመል ያህል?»

አሁንም አይሆንም።

እውነት ለመናገር ቃሉን አከበረ። ጥቁር ሻይ እርም አለ። ቡዝ ውስጥ የነበረውን የስኳር ዕቃ አውጥቶ ለይገዙ ሰጠው፤ የሰጠውም እንደ አደራ ነው፤ «በደንብ ያዘው» ብሎታል። የመጀመሪያውን የቻይና ሻይ እኛ ባለንበት ቀድቶ ቢስሚላህ ብሎ ጎነጨ። ፊቱ ሳይሰጣ እንደደረቀ ሸሚዝ ተጨማደደ። አንድ ደንበኛ ቁልፉን ሲጠይቀው በምልክት ነው የመለሰለት።

በማግስቱ ግን እየሳቀ መጣ። ከፔርሙሱ እየቀዳ ይጠጣል፣ ይደግማል።

«ምነው፣ ለመደልህ?» አልኩት።

ከጃኬቱ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ማሰሮ መሳይ ብልቃጥ አወጣ። ውስጡ ነጭ፣ የረጋ ማር ነው። ደሴ ያለችው እህቱ ነሲባ በመንገደኛ የላከችለት የደጋ ማር። እንዴት እንደሚሸት ብገልጸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ክዳኑ ሲከፈት ይገዙ ከታች ፎቅ ድረስ መጣ ብል ይበቃል።

«ስኳር አትጨምር አልተባልክም?» አለው ይገዙ።

«ማር ስኳር ነው እንዴ?»

ሸፊቅ በጣቱ እየቆጠረ ያስረዳን ጀመር።

«ጥቁር አዝሙድ በምንድነው የሚበላው? በማር። ዝንጅብል? በማር። ሳል ሲይዘን እናቶቻችን በምን ያሽሩን ነበር? በማር። የመረረ መድኃኒት መሪ አለው፤ መሪው ማር ነው። ስኳር ከፋብሪካ ነው የሚወጣው፤ ማር ከንብ ነው። ፈውስ እንዳለበት ደግሞ ቁርኣን ላይ አለ።»

«በኛም መጽሐፍ ማር የተመሰገነ ነው» አለ ይገዙ።

ሁለት ሃይማኖት የተስማማበትን ነገር እኔ ማን ነኝና እቃወማለሁ? ብርጭቆ አቀረብኩ።

ከዚያ በኋላ የሸፊቅ ሻይ ገነነ። «ዶክተር» የሚል ስም ወጣለት። ስኳር የሌለበትም ሰው እየመጣ ይጠጣል። ፒክአፕ የጮኸባት ጠበቃ ሳትቀር ጠዋት ጠዋት ቁልፏን ሰጥታ የወረቀት ኩባያ ትዘረጋለች። እሱም እየቀዳ ያስረዳታል፤ ይህ ሻይ ከቻይና ነው፣ ይህ ማር ከወሎ ነው፣ የሁለት አገር መድኃኒት ነው። «በጣም ይጣፍጣል» ትለዋለች። «ለሰውነት የሚስማማ ነገር እንዲህ ነው» ይላታል።

ችግሩ ማሽኑ ነበር። ሸፊቅ ጣቱን ወግቶ ባየ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረ። ለማረጋገጥ የኔን ጣት ወጋ፤ ደህና ነኝ። የይገዙን ጣት ሊወጋ መርፌውን ሲያወጣ ይገዙ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደምንም ለካነው፤ እሱም ደህና ነው። ስለዚህ ማሽኑ ነፃ ወጣ። የቀረው ሻዩ ነው።

«የቆየ ቅጠል ሸጠውልኛል» አለ ሸፊቅ። «እንግዳ ነው ብለው ነው።»

በዚያን ቀን ግን ቁጣው ብዙ አልቆየም። ረመዳን እየቀረበ ነው፤ የሐኪሟ ቀጠሮም ቀርቧል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የቁልፎቹን ሰሌዳ እያየ፣ «ነዚፋ ሳይነጋ ለብቻዋ ሱሑር ልትበላ ልትነሳ ነው» አለኝ። «እሷ ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ ትበላለች፤ እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ የሳህኑን ድምፅ እሰማለሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቼ፣ «ተነስ፣ ሱቋ ጋ እንሂድ» አልኩት።

በመንገድ ላይ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር። ሲገባ ግን እማማ ሊን ፈገግ ስላሉለት ግማሹ ጠፋበት። የተረፈውን ለልጅቷ ነገራት፦ ሻዩን ሳያቋርጥ ጠጥቷል፣ ስኳር በአፉ አልዞረም፣ ቁጥሩ ግን ወጥቷል። እማማ ሊን አዳምጠው ግንባራቸውን ቋጠሩ። የቅጠሉን መሳቢያ ከፍተው አሸተቱ። ከዚያ የውኃ ማፍያውን ለኮሱና ብርጭቆ ፊቱ አስቀመጡ።

«እዚህ አፍላና እንዴት እንደምትጠጣው አሳየን ትላለች።»

ሸፊቅ እጅጌውን ሰበሰበ። እንደታዘዘው አፈላ፣ አጠለለ፣ ቀዳ። እማማ ሊን በየደረጃው ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁለት። በመጨረሻ፣ ምንም የሚደበቅ ነገር እንደሌለው ሰው፣ ከጃኬቱ ኪስ ብልቃጡን አወጣና በሾርባ ማንኪያ ሞልቶ አንድ ጊዜ፣ ደግሞም ሌላ ጊዜ ጨመረበት።

ከዚያ እማማ ሊን ጮኹ። ቻይንኛ አላውቅም፤ ነገር ግን እናት ልጇን እሳት ዳር ስታገኘው የምትጮኸው ጩኸት በየትኛውም አገር አንድ ነው። ጥግ ላይ ቆሞ ዝንጅብል የሚመርጥ አንድ ሽማግሌ ዕቃውን ጥሎ መጥቶ አየ። እሳቸው ብልቃጡን እያሳዩ ነገሩት፤ ሽማግሌው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ማር ነው!» አለ ሸፊቅ እጁን ዘርግቶ። «የንብ ነው! ተፈጥሮ ነው!»

«ደምህ ማን እንደሠራው አይጠይቅም ትላለች» አለች ልጅቷ፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። «ለደምህ ማርም ያው ስኳር ነው ትላለች።»

«ነገር ግን ፈውስ ነው ተብሎ…»

«ለሳል ይሁን ትላለች። አንተ ሳል አለብህ?»

ሳል የለበትም። እማማ ሊን በጣታቸው ጫፍ ማሩን ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ድምፃቸው ለዘብ ብሎ ነበር።

«ጥሩ ማር ነው ትላለች። ሐኪምህ ወርዷል እስክትል እዚህ ይቀመጣል ትላለች።»

ብልቃጡ ከመሳቢያዎቹ ሁሉ ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከአንድ የወርቅ ቀለም የድመት ቅርጽ አጠገብ ተቀመጠ። ሸፊቅ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው።

ቤቱ ሳደርሰው ነዚፋ ከሥራ ገብታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ።

«ነዚፋ፣ ማርም ስኳር ነው አሉ።»

«እነማን?»

«ቻይናዋ። ማሩንም ቀሙኝ።»

ነዚፋ ቢላዋውን አስቀመጠች። ትንሽ አሰበች። «የትኛውን ነው ስኳር ነው ያሉት? አንተ የምትጨምረውን ነው እኔ የምጨምረውን?»

«አንቺ ምን ትጨምሪያለሽ?»

«ሲፈላ ነዋ! ማንቆርቆሪያው ውስጥ። የመጀመሪያ ቀን ማታ ስትገባ ፊትህን ሳየው አንጀቴን በላኸው።»

«እና አንቺ ከታች፣ እኔ ከላይ?»

«አንተ ከላይ እንደምትጨምር በምን አውቄ! ቤት ያለው ማር ሲጎድል ልጆቹ መስለውኝ ስቆጣቸው ነው የከረምኩት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ ሁለት እጥፍ ጠጥቶ ጣፈጠኝ የማይል! ምላስ የለህም?»

«ምላሴንማ አይተውታል!» አለ።

እኔ በር ላይ እንደቆምኩ ነበርኩ። ግባ የሚለኝም ሂድ የሚለኝም ስላልነበረ በቀስታ ወረድኩ። እስከ መኪናዬ ድረስ መጀመሪያ ጭቅጭቃቸው፣ ቀጥሎ ሳቃቸው ተሰማኝ።

በቀሩት ሳምንታት ሸፊቅ ሻዩን እንደ ተፈጠረ ጠጣው። ቡዟ አጠገብ ስናልፍ እናዝንለት ነበር። ጠበቃዋ ኩባያዋን ዘርግታ አንድ ጊዜ ጎነጨችና መልሳ ቡዟ መስኮት ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ ከማዶ ሆና ነው ሰላም የምትለው። ሻዩ ሌላም ጠባይ ነበረው፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያመጣል። ቡዟ ደግሞ ሽንት ቤት የላትም። የምንጠቀመው ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለውን ሆቴል ነው። ስለዚህ ሸፊቅ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ይውላል። ከአፉ ምሬቱ እስኪለቅም ደግሞ መኪናዎቹን እየዞረ ይራመዳል። ይገዙ በሬዲዮ «ዶክተር የት ነው?» ይላል፤ እኔ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ሱሪው እየሰፋ መጣ።

የቀጠሮው ቀን እኔና ይገዙ ቁልፎቹን ተካፍለን ያዝንለት። የሆነውን ሲመለስ ነው የነገረን። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አየች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ደግማ አየች፤ ስኳሩ ወርዷል። ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። እሱ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ፍሬው፣ ስለ ሥሩ በደስታ ተናገረ። በትዕግሥት ሰማችውና፣ ጥቁር ሻይህስ? አለችው። ትቶታል። ቀድሞ ስንት ማንኪያ ስኳር ነበር? ነገራት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በሲኒ?» አለችው።

«በሲኒ።»

ከማሩና ከዳገቱ ታሪክ በኋላ ፍርዷን ሰጠች። ሻዩ ረድቶ ይሆናል፣ ላይረዳም ይችላል፤ እሷ አታውቅም። ክኒኑ፣ የቀረው ስኳርና ዳገቱ ግን በእርግጥ ረድተዋል።

«ሆቴሉን ልታመሰግኚው ነው?» ብሎ ተቀይሟት ነበር። ቀጥላ ያለችው ግን ቅያሜውን አስረሳው፦ መጾም ትችላለህ። የክኒኑን ሰዓት ለወጠችለት፤ በጾም ሰዓትም ጣቱን እንዲለካ፣ ቁጥሩ በጣም ከወረደ ወይም በጣም ከወጣ ሳይከራከር እንዲያፈጥር አስጠነቀቀችው።

ይህን እየነገረን ድምፁ ተሰበረ። ይገዙ ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለማይችል፣ «በል ዞር በል፣ መኪና ዘግተሃል!» ብሎ ጮኸበት። ዙሪያችን ምንም መኪና አልነበረም።

ማሩን ለማስመለስ አብሬው ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ያለው ብልቃጥ ከግማሽ በታች ሆኗል። ሸፊቅ አየው፤ ወደ እማማ ሊን ዞረ። እሳቸው የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ያሹ ጀመር።

«ሳል» አሉ በራሳቸው እንግሊዝኛ። ቀጥለውም አዲስ የተፈጠረ የሚመስል ሳል ሳሉ።

«በየቀኑ ሻይዋ ውስጥ ትጨምራለች» አለች ልጅቷ። «ተዪ ብላት ይህኛው የተለየ ማር ነው ትለኛለች።»

ሸፊቅ ብልቃጡን አንስቶ በብርሃን ተመለከተው፤ መልሶ ባንኮኒው ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጠው። ከዚያ እሳቸው ባደረጉበት መንገድ ጣቱን ቀሰረ።

«እማማ ሊን፣ ምላስዎን ያውጡ።»

ልጅቷ ተረጎመችላቸው። እማማ ሊን ግራ ቀኙን አይተው፣ ሽማግሌው አለመኖሩን አረጋግጠው፣ አወጡት።

ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ላይ ነበርን። እኔና ይገዙም ሁዳዴ ይዘናል። ፀሐይ ከሆቴሎቹ ጀርባ ስትገባ ሦስታችን ቡዟ ዙሪያ ቆምን። ነዚፋ የላከችው ሾርባ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ቴምርም አለ። ሸፊቅ አንድ ቴምር በልቶ እጁን ለሁለተኛው ሲሰድ ይገዙ ዕቃውን አነሳበት። ሸፊቅ አልተከራከረም። ፔርሙሱን ከፍቶ ለራሱ ቀዳ፤ ለኔም ጨመረልኝ።

«ጠጣ፣ የጾም ነው» አለኝ።

ጎነጨሁ። ለመዋጥ ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ። ስከፍተው ሸፊቅ ኩባያውን ጨርሶ፣ ከሥሩ የሚጠረግ ነገር እንዳለ በማንኪያ ይፈልግ ነበር።